ሲሞላ ጎበዝ፣ ሲያሳርፍ ሰነፍ፦ ከሊፖ ባትሪ መሙያዬ ጋር ዘጠኝ ወር

ይህን የሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ መሙያ ከመግዛቴ በፊት የነበረኝ ዕቃ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ቀይ መብራትና አረንጓዴ መብራት። በመካከል ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ እኔም አልጠይቀውም ነበር። አንድ ቀን ባትሪዬ ከተሠራባቸው ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም ሴሎች፣ አንዱ ሆዱ ተነፍቶ ሳገኘው ግን የሚናገር መሙያ ፍለጋ ገባሁ። አሁን በእጄ ያለው በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ፣ ጉልበቱ 60 ዋት የሆነ፣ እስከ ስድስት ሴል የሚያስተናግድ ባለአራት ቁልፍ ሣጥን ነው። የማበርረው ከፎም የተሠራ ሞዴል አውሮፕላን ሲሆን ባትሪዎቼ አራት ናቸው፤ ሁሉም ባለሦስት ሴል፣ አቅማቸው 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት። እንዳይምታቱብኝ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ።

መልካሙን ላስቀድም። አንድ የሊፖ ሴል ሲሞላ 4.20 ቮልት ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 12.60። ድምር ግን ገመና ሸፋኝ ነው። አንዱ ሴል 4.30፣ ሌላው 4.20፣ ሦስተኛው 4.10 ቢሆኑም ያው 12.60 ይወጣል፤ 4.30 የደረሰው ግን ከልኩ አልፎ አደጋ ውስጥ ገብቷል። አዲሱ መሙያ ከወፍራሙ የኃይል ሽቦ ሌላ ቀጭኗን ባለአራት ሽቦ ማመጣጠኛ ካልሰካሁለት ሥራ አይጀምርም። በእርሷ በኩል እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ይለካል፤ የቀደመውን ያዝ አድርጎ የዘገየውን ይጠብቃል። መጀመሪያ አምፔሩን ሳይለውጥ ይሞላል፤ ሴሎቹ 4.20 ሲደርሱ ደግሞ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ አምፔሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚንቀራፈፉት ለዚህ ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ አትንቀሉት። አምፔሩን የምመርጠው በባትሪው አቅም ልክ ነው፤ ለ2200 ሚሊአምፔር ሰዓት 2.2 አምፔር። ባትሪው ላይ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይሞላል ተብሎ ቢጻፍም የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

አንድ ምሽት በእንቅልፍ ልብ «አራት ሴል» ብዬ መረጥኩ። መሙያው ጮኾ እምቢ አለኝ። በዚያች ምሽት ብቻ ዋጋውን መልሷል እላለሁ። ሌላም ብዙ ሰው የማይነካው ቅንብር አለው፤ ወደ ባትሪው የገባው መጠን ከወሰንከው ካለፈ ሥራውን ያቆማል። እኔ 2500 ላይ አድርጌዋለሁ። ከዚህ በላይ የጠጣ ባለ2200 ባትሪ አንድ ችግር አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ግን ጥርጣሬ ገባኝ፤ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው ወይ? ሙሌቱ እንዳለቀ የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያዬን) መርፌዎች በማመጣጠኛዋ ቀዳዳዎች አሳለፍኩ። መሙያው ለሦስቱም 4.20 ብሏል፤ መልቲሜትሩ ለመካከለኛው 4.22 አለ። በ20 ቮልት ክልል ላይ የመለኪያዬ ትንሿ እርምጃ 0.01 ስለሆነች የአንዲት አሃዝ ልዩነት አያስደነግጠኝም ነበር። ሁለት ስትሆን ሌላ መለኪያ ተዋስኩ፤ እሱም 4.22 አለ። እዚህ ላይ አቅጣጫው ነው ወሳኙ። መሙያው አብዝቶ የሚያነብ ቢሆን የሚቀርብኝ ጥቂት የበረራ ጊዜ ብቻ ነበር። አሳንሶ ሲያነብ ግን 4.20 ላይ የቆመ እየመሰለው አልፎ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ የማቆሚያውን ቮልቴጅ ወደ 4.18 አወረድኩት፣ አውሮፕላኑም ልዩነቱን አላወቀውም። ለመለካት የምትሞክሩ ግን መርፌዎቹ እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ አንሸራቶኝ ኮንታክት ፈጥሮ የመርፌዋን ጫፍ አቅልጦታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሊፖ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሲቀመጥ በፍጥነት ያረጃል፣ ያብጣልም፤ ባዶ ሆኖ ሲቀመጥም ይሞታል። ማረፊያው በሴል ከ3.80 እስከ 3.85 ቮልት ነው። ዝናብ መጥቶ ሳላበርር የቀረሁ ዕለት እንግዲህ አራቱን ሙሉ ባትሪዎች ወደ 3.80 ማውረድ አለብኝ። መሙያው «ማስቀመጫ» የሚል አገልግሎት አለው፤ የማራገፍ ጉልበቱ ግን 5 ዋት ብቻ ነው። ከአንዱ ባትሪ መውጣት ያለበት ወደ 14 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለአንዱ ሦስት ሰዓት፣ ለአራቱ ግማሽ ቀን ማለት ነው። ይህ መረጃ በማሸጊያው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ 60 ዋቱ ግን በትልቁ።

ሰው ሲሰለች አቋራጭ ይፈልጋል። ባለ21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል ከባትሪው ጋር አገናኘሁ፤ በዐርባ ደቂቃ ውስጥ ያወርደዋል። ሦስት ጊዜ በትክክል ሠራ። በአራተኛው ስልክ ተደወለ፣ እንግዳ መጣ፣ አምፖሉን ረሳሁት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስመለስ ጠፍቶ ነበር፤ የባትሪ ቁጥር ሦስት ሴሎች በሙሉ ከ1 ቮልት በታች ወርደዋል፣ አንዱማ 0.3 ነበር። ሊፖ ከ3.0 በታች መውረድ የለበትም። እንዲህ የወረደውን መሙያው አይቀበለውም፤ ልክም ነው። በሌላ ዓይነት ባትሪ ስም አታልዬ ቀስ እያልኩ ልሙላው የሚል ፈተና መጣብኝ። አላደረግኩትም። በዚያ ደረጃ የተራቆተ ሴል ውስጥ መዳቡ ይሟሟል፤ ሲሞላ ደግሞ በማይሆን ቦታ ተመልሶ ይጋገርና ከውስጥ ኮንታክት ይፈጥራል። የሽቦውን ጫፎች በፕላስተር ለየብቻ ጠቅልዬ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ አምፖሉ ያለ ጯሂ አይበራም። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ማመጣጠኛው ላይ የምትሰካ ማስጠንቀቂያ አለችኝ፤ 3.75 ላይ አዘጋጅቻታለሁ። አምፖሉ እየሳበ ሳለ ቮልቴጁ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ፣ ስትጮኽ ነቅዬ ጥቂት ባሳርፈው ወደ 3.82 ይመለሳል። እርሷንም ወዲያው እነቅላታለሁ፤ ተሰክታ ከከረመች ራሷ ባትሪውን ትጠጣለች።

መሙያው የሴሎችን የውስጥ ሬዚስታንስም (ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳዩትን ተቃውሞ) ይለካል፤ እኔም በየወሩ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቁጥር ሁለት ሲገዛ በሴል 7 ሚሊኦም ገደማ ነበር፤ አሁን ሁለቱ ሴሎች 9፣ አንዱ 16 ናቸው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ የሚደክመው በዚያ አንዱ ምክንያት ነው። ቁጥሮቹን ከሌላ መሙያ ጋር ማነጻጸር ግን ከንቱ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት የተለካውንም ከሞቃት ከሰዓት ጋር እንዲሁ። ባትሪው ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል።

የምሞላው ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ዙሪያው ምንም በሌለበት፣ እኔም ነቅቼ እዚያው ባለሁበት ነው። ከበረራ ትኩስ ሆኖ የተመለሰ ባትሪ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘም መሞላት የለበትም። የሚቀመጡት ብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ክዳኑን ግን አላሽገውም፤ አንዱ ቢቃጠል ጋዙ መውጫ ካጣ ሣጥኑ ራሱ ይፈነዳል።

ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከአራቱ ቁልፎች አንዱ ሁለት ጊዜ ካልተጫኑት አይሰማም። ቢጠፋብኝ ይህንኑ መልሼ እገዛለሁ? ለመሙላት ከሆነ፣ አዎ። በተመሳሳይ መጠን 30 ወይም 40 ዋት የሚያራግፍ ካገኘሁ ግን ያንን እወስዳለሁ፤ አምፖሉም ወደ ፍሬቻው ይመለሳል።