የአባቴን ታሪክ እንድጽፍ ለረዳችኝ መምህር፣ ከድሬ

«የቤተሰቤን ታሪክ አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» ስትሉ ዓመታት ላለፉባችሁ የድሬ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከራስ ሕይወት መጻፍን የምታስተምር አንዲት ጡረታ የወጣች የአማርኛ መምህር አለች። ላመሰግናትም ልጠቁማችሁም ነው። (አንቺ የምላት ራሷ ስለምትፈልግ ነው። የድሬ ልጅ ናት፣ አንቱታ አትወድም።)

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ጥገና ክፍል። ካረፈ በኋላ ስለ እሱ ልጽፍ ስቀመጥ የሚወጣኝ የለቅሶ ቤት ንግግር ነበር። ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር፣ ሰው ወዳድ ነበር። መምህራችን አንብባ «ደግ ነበር» የሚለው ሥር አሰመረችበትና «ምን ሲያደርግ አየሽው?» አለችኝ።

ያኔ መጣልኝ። ደሞዝ የተቀበለ ቀን አባቴ እጁን በላምባ ያሻል፣ ግሪሱ እስኪለቅ። ከዚያ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ይከፋፍላል። ይሄ የቤት ኪራይ፣ ይሄ የአስቤዛ፣ ይሄ የዕቁብ። ጥግ ላይ ትንሽ ብር ለብቻዋ ትቀመጣለች። እሷን በመሐረብ ቋጥሬ ሥራ ላይ ለተጎዳ ጓደኛው ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ከሰውየው ሚስት እጅ ቴምር እየተቀበልኩ እመለስ ነበር። ይህን ጻፍኩ። ታናሽ እህቴ አንብባ ስታለቅስ፣ አባታችንን ዳግም ያየነው መሰለኝ።

በጣም የጠቀመኝ ግን ጥንቃቄዋ ነው። በዓይናችን ያየነውን በሰማያዊ፣ ከሰው የሰማነውን በቀይ እስክሪብቶ ታስጽፈናለች። የእኔ ገጽ ግማሹ ቀይ ሆነ። ስለዚህ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እማዬ ዓመተ ምሕረት አታስታውስም። «አባትሽ ቤት የዋለው ሐዲዱ የተቆረጠ ክረምት ነው» አለችኝ። መምህራችን ወዲያው ከሶማሊያ ጦርነት ጋር አገናኘችው፤ ድሬዳዋ የተጠቃችው በነሐሴ 1969 ነው። አባቴ ከባቡር ሥራው ያስቀመጣቸው የፈረንሳይኛ ወረቀቶች ደግሞ 1977 ይላሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑ ነው እንጂ አይጋጩም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሆነ ደብተራችን ላይ አስጽፋናለች። የባቡር ቤተሰብ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እማዬ በኦሮምኛ ያለችውን በኦሮምኛው እንድተወው የመከረችኝም እሷ ናት። ድሬ ውስጥ አንድ ቤት ስንት ቋንቋ እንደሚነገር ታውቁታላችሁ፤ ሁሉንም ወደ አማርኛ ስናዞረው የሰዎቹ ድምፅ ይጠፋል። ቃል በቃል የማናስታውሰውን ንግግር ግን በትእምርተ ጥቅስ እንድናስገባ አትፈቅድም። «እንዲህ ያለ ይመስለኛል» ብላችሁ ጻፉ ትላለች። በዚህ የሚከራከሯት አሉ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

አብረውን ከሚማሩት አንዲት እናት በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጎረቤቶቻቸውን አጥተዋል። ስለዚያ ሌሊት እንዲጽፉ ማንም አልገፋቸውም። መጀመሪያ ስለ ጎረቤቶቻቸው ግቢ፣ ስለ ቡናቸው፣ ስለ ልጆቹ ጨዋታ ጻፉ። ሌሊቱን ሲደርሱበት መምህራችን አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሲደክማቸው ደብተሩን ዘግታ ሻይ አስመጣች። በሕይወት ያለ ሰው ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ጮክ ብሎ ከመነበቡ በፊት «ባለታሪኩ ያውቃል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

ቶሎ መጽሐፍ ላሳትም ለሚል ሰው አትሆንም፤ እያንዳንዷን ገጽ ደጋግማ ታስጽፋለች። በእናንተ ፋንታም አትጽፍም። ክፍያዋ አይከብድም፤ ለተማሪ ትቀንሳለች። ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ይበቃል። የቆየ ፎቶ ካላችሁ ያዙ።

መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የእማዬንም ምርቃት አድርሺልኝ ተብያለሁ።

መመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ፣ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ ቅድሚያ ብታገኙ ደስ ይለኛል።