ያልወረደ ካምቢዮ የማውረጃ ከፈልኩ፤ እናንተ እንዳትከፍሉ

አዳማና አካባቢዋ አሮጌ አይሱዙ ይዛችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ እንዳትገቡ። 19,500 ብር የተበላሁበትን ነው የምነግራችሁ። ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ሞተሩም ሊሄድብኝ ነበር።

መኪናዬ ኤንፒአር የሚባለው የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ይበልጣል። ከመቂ ሽንኩርት ያመጣል፤ ወቅቱ ሲሆን ደግሞ ቲማቲም። የምነዳው እኔው ነኝ። ባለፈው ክረምት ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብታ ናት ብዬ ናቅኋት። ቆይቶ ግን ጠዋት ስነሳ ከሞተሩ ስር ምጣድ የሚያህል ጥቁር ክብ አገኝ ጀመር። በሳምንት ሁለት ሊትር ዘይት መጨመር ያዝኩ። የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

አሮጌ መኪና ሲያንጠባጥብ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ ወፍራም ዘይት አድርግበት አለኝ። ሌላው በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ማፍሰስ የሚያቆም መድኃኒት አለ አለኝ። ገዛሁት። የደረቀ ጎማ ለጊዜው ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሃል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ማሸጊያ) መቼም አይጠግንም። ያም ብር ሄደ።

ከዚያ ነው ጋራዥ የገባሁት። ስሙን አልጽፍም። ክስ ውስጥ መግባት አልፈልግም፤ ደግሞም ይህን የሚሠራው አንድ ጋራዥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኃላፊው መኪናው ስር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ልብሱን እያራገፈ ወጣና "ወንድሜ፣ የኋላ ፓራኦሊዮ ነው። ካምቢዮ ካልወረደ አይሆንም" አለኝ። ፓራኦሊዮ ማለት ከሞተሩ ጫፍ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት ነው፤ ካምቢዮ ደግሞ ማርሹ ያለበት ሳጥን። የእጅ ዋጋ 14,000፣ ዕቃው 5,500። 10,000 ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስለው "ደረሰኝ ከፈለግህ 15 በመቶ ይጨመርበታል" አለኝ። 2,925 ብር ላተርፍ ብዬ ተውኩት። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

በሁለተኛው ቀን ማታ መኪናዬን ተረከብኩ። ሞተሩ ታጥቦ ያበራል። ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ላይ "ፓራኦሊዮ ተቀይሯል" ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ቀሪውን ከፈልኩ። ዘጠኝ ቀን ጠብታ አላየሁም። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ጋራዡን አወደስኩ። እንዲያውም አንድ ዘመዴን ልልክላቸው ነበር። እሱ ባይዘገይ ኖሮ ዛሬ ሰላም አንባባልም።

በአሥረኛው ቀን ሽንኩርት ጭኜ ከመቂ ስመለስ፣ ቆቃ አካባቢ የዘይት መብራት ብልጭ አለ። ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል፣ ስለቀው ይበራል። ጥግ ይዤ ቆምኩና ዘይቱን ለካሁ። ልኩ ላይ ነው። ለጓደኛዬ ደወልኩ። ዕድሜውን በትራክተር ጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው።

"አጥፋው። ቁልፉንም አውጥተህ ኪስህ ክተት" አለኝ።

"ኧረ ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ደግሞ ሽንኩርቱ..."

"ሽንኩርት ሌላ ይበቅላል። ሞተር አይበቅልም።"

ዘይቱ ልኩ ላይ ሆኖ መብራቱ ከበራ ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ የዘይት ግፊት የለም። መንገድ ላይ ቆሞ "ሴንሰር ነው" ብሎ መንዳት ቁማር ነው። ሽንኩርቱን ወደ ሌላ መኪና ገለበጥን። የእኔው ተጎትቶ አዳማ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ሥራ ጀመርን። ጓደኛዬ መጀመሪያ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር አልገባም ብሎ ግንድ አስመጣኝ። ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ "እስቲ ና ግባ" አለኝ። ካምቢዮው ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ አበራልኝ።

"እነዚህን ቡሎኖች እያቸው።"

አየኋቸው። የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸዋል። የቡሎኑ ራስና ብረቱ አይለዩም። ቁልፍ ያረፈበት ቡሎን እኮ ያስታውቃል። ጠርዙ ያብለጨልጫል፣ ዙሪያው ያለው ቆሻሻ ይሰነጠቃል። የእኔዎቹን ማንም አልነካቸውም። ጋራዡ ያጠበው ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየውን የላዩን ብቻ ነው። የኋላ ፓራኦሊዮ ለመቀየር ትራስሚሲዮኑ (ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ይፈታል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይነሳል፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይወጣል። ካምቢዮው ሳይወርድ ያ ፓራኦሊዮ በምን በኩል ተቀየረ? መኪናው ስር እንደተኛሁ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ጓደኛዬም ዝም አለ። እግዜር ይስጠው።

ታዲያ ዘጠኙን ቀን ማፍሰሱን ምን አቆመው? ኮፓውን (ከሞተሩ ስር ዘይት የሚጠራቀምበትን ሳህን) ስናወርድ ገባን። ዘይት የሚሳብበት ወንፊት ላይ የሲሊኮን ቁርጥራጭ እንደታኘከ ማስቲካ ተለጥፏል። ከላይ የቫልቭ ክዳኑን ከፍተዋል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ሳይቀይሩ ሲሊኮን ለቅልቀውበት መልሰው ዘግተውታል። ሲሊኮን በቦታው፣ በቀጭኑ ሲቀባ ጥሩ ነገር ነው። በወፍራሙ ከተቀባ ግን ክዳኑ ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይተርፋል። የውጩን እናየዋለን። የውስጡ ተቆርጦ ከዘይቱ ጋር ኮፓ ይወርዳል፣ ወንፊቱን ይደፍናል። ፓምፑ የሚስበው ያጣል። ዘይት ያጣ ሞተር መንኳኳት ሲጀምር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቋል። ከቆቃ ብነዳው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ጽሑፍ ነበር።

ኮፓውን አጥበን፣ ወንፊቱን አጽድተን፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀይረን ዘጋን። መብራቱ ጠፋ። የሚያፈስበትን መፈለግ ለሁለተኛው ቅዳሜ ቀረ።

በደንብ አንብቡልኝ ያልኩት ይሄኛውን ነው። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ንፋስ ወደ ኋላ ይነዳዋል። ከስር ሆናችሁ የምታዩት የሚንጠባጠብበትን እንጂ የሚወጣበትን አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ መታጠብ አለበት። ዲናሞውን በፌስታል ሸፍነን ሞተሩን በናፍጣና በብሩሽ አጠብነው። በደንብ ደረቀ። ከዚያ ጓደኛዬ "የሕፃን ፓውደር አለ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የልጄን ፓውደር አምጥቼ ሞተሩን ነጭ አደረግነው። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ምን እንዳለችን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ወንጂ መንገድ ትንሽ ነድቼ ተመለስኩ። ካቢናውን ስንገለብጠው ነጩ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ተሰምራለች። ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ ትነሳለች፣ በሞተሩ ጀርባ ትወርዳለች፣ ካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ትንጠባጠባለች። ከስር ላያት ሰው ቁርጥ የኋላ ፓራኦሊዮ ናት። ኃላፊው በዚህ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ይቅር እላለሁ። ያልሠራውን ማስከፈሉ ግን ስህተት አይባልም።

መተንፈሻ ቱቦውም በዝቃጭና በአቧራ ተደፍኖ ነበር። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ሞተር ሲሠራ በፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) በኩል ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ማለፉ አይቀርም። መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በደካማው ቦታ ገፍቶ ያወጣዋል። መተንፈሻው ተዘግቶ ጓርኒሲዮን ብቻ ብትቀይሩ እንደገና ያፈሳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን በጥንቃቄ ክፈቱት። ጭሱ እንደ ጎጆ ጣሪያ እየተትጎለጎለ ከወጣ ፋሻው አልቋል፤ ያ ሌላ ሂሳብ ነው። የእኔ ሳል ሳል አለው፤ ለዕድሜው ደህና ነው።

ለቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን 1,300 ብር አወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ "ኦርጅናል" ብሎ የሰጠኝን ጓደኛዬ አጠፍ ሲያደርገው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። መለስነው፣ ከሌላ ሱቅ ገዛን። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅርፁንም ጎማውንም አስተያዩ። ሲገጠም ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በትንሽ በትንሹ ነው ያጠበቅናቸው። እኔ በጉልበት ልጨምር ስል እጄን መታኝ። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጓርኒሲዮኑ ይጨፈለቃል። የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለ። ጥብስ በላን።

አሁን ወደዚያች 2,925 ብር። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ እንዲሠራለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። የእኔ የሥራ መኪና ስለሆነ እዚያ ላይ ክርክር ይነሳል። በዚያ ላይ በእጄ ያለችው የደብተር ቅዳጅ ናት፤ ማኅተም የላት፣ ፊርማ የላት። የቤት መኪና ያላችሁ ግን 15 ቀኑን አትርሱት። ታክሱን ላለመክፈል ብላችሁም ደረሰኙን አትተዉት።

ለማንኛውም የቡሎኖቹን ፎቶ በስልኬ ይዤ፣ ጓደኛዬን አስከትዬ ጋራዡ ሄድኩ። ኃላፊው "ልጆቹ ናቸው፣ እኔ አላየሁም" አለ። ጓደኛዬ ረጋ ብሎ "እሺ፣ የወጣውን አሮጌ ፓራኦሊዮ አሳየን" አለው። መኪናውን ስረከብ እኔ ልጠይቀው የሚገባኝ ይህንን ነበር። የወጣው ዕቃ በእጃችሁ ሳይገባ ቀሪውን አትክፈሉ። አንድ ልጅ ሮጦ ከጓዳ አንድ ፓራኦሊዮ አመጣ። ጓደኛዬ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየውና ሳቀ። የትንሽ የቤት መኪና ነው። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ 7,000 ብር መለሱልኝ። የቀረው ቀረ።

ከሞተሩ ፊት በኩል አሁንም አንዲት ጠብታ አለች። ማታ ማታ ካርቶን አንጥፌ እቆጥራታለሁ። ትናንት ሦስት ነበረች። ጓደኛዬ እስከ ፋሲካ ተዋት ብሎኛል።