ቤታችንን ከጎርፍ ላወጣልን ቧንቧ ሠሪ ምስጋና (ዳላስና ጋርላንድ ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። የሰው አንብቤ፣ ላይክ አድርጌ የማልፍ ነኝ። ይህን ሰው ሳላመሰግን ብተኛ ግን እናቴም አትለቀኝም።

በ2021 ቴክሳስን የመታውን የበረዶና የመብራት መጥፋት ነገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። እሁድ ፌብሩዋሪ 14 በረዶው ሲወርድ ልጆቼ ጨፈሩ። ፎቶ ተነሳን። ሰኞ ሌሊት መብራት ሄደ። በተራ በተራ ነው የሚጠፋው ሲባል ነበር፣ የኛ ተራ ግን አላልቅ አለ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቦግ ብሎላቸው እራት ሲበሉ በመስኮት እናያቸዋለን። ማክሰኞ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ዳላስ እንዲህ ስትቀዘቅዝ ከ1949 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው አሉ።

እናቴ በኮሮና ምክንያት መመለስ አቅቷት እኛው ጋ ናት። የደብረ ብርሃን ሰው ናት፣ ብርድ አያስደነግጣትም። ጋቢዋን ደራርባ «አገሩ ሞቃት ነው ብለሽ አይደል ያመጣሽኝ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አርብ ፀሐይ ወጣች። ተገላገልን ብለን ነበር። ለካ መከራው በረዶው ሲቀልጥ ኖሯል! ማታ ልጆቹን ላስተኛ ስል ኮርኒሱ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አበጠ። ከዚያ የኮርኒሱ ግማሽ አልጋው ላይ ወረደ። ልጆቹ ገና አልተኙም ነበር፣ ተመስገን። ባልዲ፣ ድስት፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ያልደረደርነው የለም።

አሁን የሚመረኝን ልናገር። መጀመሪያ የደወልኩለት ድርጅት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምንደርሰው አለኝ። እሺ፣ ከተማው ሁሉ ፈንድቷል፣ ይሁን። ሁለተኛው ቤቱን ሳያይ 1,800 ዶላር ጠራ። ሦስተኛው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። «አሁን መንገድ ላይ ነኝ፣ ቀብድ ላኪና ልምጣ» አለኝ። 300 ዶላር ላክሁ። አልመጣም። ስልኩን ዘጋው። ያውም የአገሬ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ውሃ እየወረደብኝ ሕፃን ይዤ ሳለቅስ ሰምቶ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት የማኅበራችን እህት የዚህን የማመሰግነውን ቧንቧ ሠሪ ቁጥር ሰጠችኝ። በዚያ ሰዓት ማን ያነሳል ብዬ ደወልኩ። በአንድ ጥሪ አነሳ። ድምፁ የደከመ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣሪያ ሥር ሲድህ ውሎ። «እህቴ፣ አታልቅሺ። ቪዲዮውን ክፈቺውና አብረን እንውጣ» አለኝ። ግቢው ፊት ለፊት፣ መሬት ውስጥ የቤቱ ውሃ መዝጊያ ያለበት፣ ክዳን ያለው ሳጥን አለ፤ ስምንት ዓመት ስኖር አላየሁትም። በስልኩ እየመራ አስከፈተኝ፣ አስጠመዘዘኝ። ውሃው ቆመ። አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቀጥሎ ውሃ የነካውን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አስጠፋኝ። ከዚያ ይህን ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አላስገባችሁም አይደል? መኪናም ጋራዥ ውስጥ እንዳታስነሱ።»

ዝም አልኩ። ማክሰኞ ዕለት የቡናውን ከሰል አቀጣጥለን ወጥ ቤት አስገብተን ነበር። ልጆቹ እንዲሞቁ ብለን። እናቴን ራሷን ሲያማት ነው መስኮት የከፈትነው። በዚያው ሰሞን ሂውስተን ውስጥ በመኪና ጭስ ያለቁት እናትና ልጅ የኛው አገር ሰዎች ናቸው። ጭሱ ውስጥ ያለው ገዳይ ጋዝ ሽታ የለውም። ይህ ሰው ስለ ዋጋ ሳያነሳ፣ ስለ ቧንቧው እንኳ በቅጡ ሳይጠይቅ፣ መጀመሪያ መትረፋችንን ጠየቀ። እኔ እስከዛሬ የምደግመው ይህንን ነው።

ሰኞ በቀጠሮው ሰዓት መጣ። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ጣሪያው ሥር ለአራት ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወርድ ሮዝ ጥጥ የመሰለ ነገር ፂሙ ላይ ሁሉ ተለጥፎበታል። እንዴት እንደሠራው አስረድቶኛል፣ አንዱም አልገባኝም። የገባኝ ይህ ብቻ ነው፦ እዚህ አገር ቧንቧውን ኮርኒስ ላይ ነው የሚዘረጉት፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ በረዶው ራሱ እንደ ውታፍ ይዞት ይቆይና ሲቀልጥ ይለቀዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ደብረ ብርሃንም ይበርዳል፣ ውሃን ራሱ ላይ የሚያስቀምጥ አገር ግን አላየሁም» አለች። ሰውየው መሰላሉ ላይ ሆኖ እስኪደክመው ሳቀ።

ቡና አፍልተን ብንለምነው «ነነዌ ነው እማማ» አለ። ለካ በባዶ ሆዱ ነው ሲሠራ የዋለው። እናቴ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ በር ላይ ቆማ አላስወጣም አለችው። ሽሮዋን በልቶ፣ መርቃው ሄደ። ሂሳቡ 240 ዶላር ብቻ! ልጨምርልህ ብለው «ለሦስተኛው ሰውዬ የከፈልሽው ይበቃሻል» አለኝ። ማግስቱን ደግሞ ሳልጠራው ደውሎ «ጠብ የሚል ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ረቡዕ ዕለት የመብራት ኃላፊዎቹ የቴክሳስ መስመር በሙሉ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነበር የቀረው ሲሉ ሰማን። እኛ ቤት ይህን የሰማነው መስኮት ከፍተን፣ በቲሸርት ሆነን ነው። የዚህ አገር አየር ያሳብዳል።

ቧንቧ የፈነዳባችሁ፣ የሚያንጠባጥብባችሁ፣ እባካችሁ ለእሱ ደውሉለት። ቀብድ አይጠይቅም። ሳያይ ዋጋ አይጠራም። ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ አሁንም ከአቅሙ በላይ ነው የሚደወልለት። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ብቻ አትደውሉ፣ ቅዳሴ ላይ ነው፣ አያነሳም።