ጋሼን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው

እኔና አብሮ አደጌ የመጀመሪያ ልቦለዳችንን ካወጣን ሁለት ወር ሞላን። አስተያየቱ እየጎረፈ ነው። ጣፋጩም መራራውም። እስካሁን አላበድንም፣ አልተጣላንምም። ለዚህ የምናመሰግነው አርታኢያችንን ነው። ስማቸው የመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ አለ፤ እኛ ግን ጋሼ ነው የምንላቸው።

ከእሳቸው በፊት ሁለት ሰው ጋ ተንከራተናል። አንዱ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ አራት ወር ስልክ አላነሳም። በስንት ልመና ረቂቁን ሲመልስልን፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች ላይ አራት ነጥብ አስተካክሏል። የቀረው ገጽ እንደሄደ ነው የተመለሰው። ሁለተኛዋ ደግሞ «ቆንጆ ነው፣ ይታተም» አለችን። ደስ ብሎን ልናሳትመው ነበር እኮ! ምዕራፍ 4 ላይ የሞተው ውሻ ምዕራፍ 11 ላይ እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል። ሴትዮዋ አንብባዋለች? እንጃ። ገንዘቡስ ይሁን፣ የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው።

ውሻውን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ዳር ላይ በእርሳስ «ነፍስ ይማር ብለነው አልነበር?» ብለው ጽፈውበታል። ያቺን ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ።

ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ሲጽፍ ጣጣው ብዙ ነው። እኔ «ፀሐይ» ስል እሱ «ጸሀይ» ይላል። እኔ ቁርጥ ቁርጥ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የእሱ አራት ነጥብ ሳይመጣ ገጹ ያልቃል። ጋሼ ስለ ትረካ አንጻር ምናምን ሲያስረዱን አንገታችንን እየነቀነቅን እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልገባኝም። አንድ ቀን ግን አንድ አንቀጽ አነበቡልንና «የማን ነው?» አሉ። እኔ «የሱ» አልኩ፣ እሱ «የሷ» አለ። ጋሼ ሳቁ። «በቃ፣ አልቋል» አሉ።

የማልረሳው ግን ከታተመ በኋላ የሆነውን ነው። አንድ አንባቢ «ሁለት ሰው ተጋግዞ የጻፈው የአንድ ሰው ያህል እንኳ አልሞላም፤ መሀሉ ይንዛዛል» ብሎ ጻፈ። አብሮ አደጌ በእኩለ ሌሊት መልስ ይጽፍ ጀመር። እኔ እንባዬ መጣ። ጨነቀኝና ጋሼ ጋ ደወልኩ። በዚያ ሰዓት አነሱ!

«እስኪ አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።

«መሀሉ ላይ ልክ ነው» አሉ። «ቁረጡት ብያችሁ ነበር። ስታለቅሱብኝ አንጀቴን በላችሁትና ተውኩት። ስለዚህ የስድቡ ሲሶ የኔ ነው። መልሱን ጻፉት፤ ግን መጀመሪያ ለኔ ላኩልኝ።»

ላክንላቸው። ሁለት ገጽ ሙሉ ንዴት። በማግስቱ አርመው መለሱልን። ከላይ እስከ ታች ሰርዘውት አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች፦ «ስላነበቡልን እናመሰግናለን።» እሷኑ ለጠፍን። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሁለተኛውን ስታወጡ ንገሩኝ።»

ለዚህ ማንም አልከፈላቸውም። ሥራቸው እኮ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሲገባ አልቆ ነበር።

ረቂቅ ታቅፋችሁ የምትንከራተቱ፣ በተለይ ለሁለት የምትጽፉ፣ እባካችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። አይጣደፉም፣ አያባብሉም፣ ያነባሉ። አዎ፣ በእርግጥ ያነባሉ! ወረፋ ግን አለ፤ የእኛ ሁለተኛ ረቂቅ ቀድሟችኋል።