ነፍስ በማዳን 5 ኮከብ፣ ከዛ በኋላ ባለው 1፦ የአንድ አይሲዩ ሪቪው ከቡሬ

ሰው ስለ ክትፎ ቤትና ስለ ስልክ ቻርጀር ሳይቀር ሪቪው ይጽፋል፣ ስለ አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) የጻፈ ግን ፈልጌ አጣሁ፣ እና እኔ ልሞክረው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው፣ ይበቃል። የምለው ግማሹ ምስጋና ግማሹ ወቀሳ ስለሆነ ደህናዎቹን ሰራተኞች ከሌላው ጋር ደርቤ ማማት አልፈልግም፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ያስታመሙ ሰዎችን ስጠይቅም ታሪኩ ያው ነው።

ታማሚዋ ታላቅ እህቴ ናት፣ እታለም ነው ምንላት፣ ቡሬ አስተማሪ ናት። የሳንባ ምች ተብሎ የተጀመረው ነገር ወደ ደሟ ገባና ሴፕሲስ ነው አሉ፣ ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቷን አናግቷል ማለት ነው፣ መተንፈስ አቃታት፣ በሪፈር ሄደች፣ በደረስን ሰዓት በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው የመተንፈሻ ማሽን ላይ አዋሏት። ከሁለት ሳምንት በላይ አይሲዩ ቆየች። አሁን ቤቷ ናት፣ ተመስገን።

ጥሩውን ላስቀድም። ነርሶቹ! እህቴ በማደንዘዣ ተኝታ ምንም አትሰማም ብየ በማስብበት ሰዓት አንዷ ሲስተር አክታዋን በማሽን ልትስብላት ስትል ጎንበስ ትልና በጆሮዋ "የኔ እናት፣ አሁን ጉሮሮሽን ላጸዳልሽ ነው፣ ትንሽ ያስልሻል፣ ወዲያው ያልፋል እሽ" ትላታለች። አንድ ቀን ለታይታ አይደለም፣ ባየኋት ቁጥር ነው። ትሰማለች እንዴ ብየ ስጠይቃት "ሊሰሙ ይችላሉ፣ ስለዚህ እንደሚሰሙ አርገን ነው ምናወራው፣ አንተም አውራት" አለችኝ። ምን ላውራት፣ እኔም ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ልጆቿ ፈተና ስቀባጥር ነበር።

አንድ ማታ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ቶሎ አልነሳ አለ፣ የማሽኑ ባትሪም አላስተማመነም መሰለኝ ተረኛው ነርስ ቱቦውን ከማሽኑ ነቀለና ያችን የምትጨመቅ የላስቲክ ፊኛ ገጥሞ በእጁ ማስተንፈስ ጀመረ፣ ዓይኑ ደረቷ ላይ ነው፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። እኔ በመስታወት እያየሁ ትንፋሼን ይዠ ቁሜያለሁ። በማግስቱ ለሀኪሙ ስነግረው "ስራው ራሱ እንዲህ ነው የተጀመረው" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ዴንማርክ ኮፐንሃገን ላይ ፖሊዮ ገብቶ ማሽን ሲያጥር ወደ 1500 የሚሆኑ የህክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ሌት ተቀን በእጃቸው አየር እየጨመቁ ህሙማንን አቆዩ፣ ሀሳቡን ያመጣው ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የሰመመን ሀኪም ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውን የጽኑ ህሙማን ክፍል ከፈተ። ስለዚህ ለህክምናው 5 ከ5፣ ቢኖር 6 እሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ኮሪደሩ።

የአስታማሚ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም። ካርቶን አንጥፈን ጋቢ ተከናንበን ነው ምናድረው፣ እሱስ ይቻላል፣ የማይቻለው ጥሪው ነው። በሩ ከፈት ይልና "የእገሊት አስታማሚ!" ይባላል፣ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ብድግ ይላል፣ ያልተጠራውም። አብዛኛውን ጊዜ መድሃኒት ግዙ ነው፣ ወይ ናሙና ወደ ላብራቶሪ አድርሱ ነው። ግን አንድ ሌሊት ከደጀን በኩል የመጡ፣ ቆሎ አብረን የቆረጠምን ሰዎች በዛችው ድምጽ ተጠርተው ገቡና ለቅሶው ወጣ። ከዛ በኋላ የመድሃኒት ማዘዣ ልቀበል በተጠራሁ ቁጥር እግሬ እየከዳኝ ነው ምሄደው። እህ፣ "የእገሊት አስታማሚ፣ መድሃኒት ነው" ብሎ መጥራት ስንት ብር ያስወጣል? በጀት አይጠይቅም፣ ስብሰባ አይጠይቅም፣ ሁለት ቃል ነው።

ማደንዘዣውን ቀንሰውላት የነቃች ቀንም እንዲሁ። ስገባ ሁለት እጇ በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ወንጀለኛ መሰለችኝ። ነገሩ ቱቦውን ነቅላ እንዳትጥለው ነው፣ ሲነገረኝ ገባኝ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ከመግባቴ በፊት አንድ ሰው በሩ ላይ "እጇን አስረነዋል፣ ለዚህ ለዚህ ነው፣ እንዳትደነግጥ" ቢለኝ ምን ነበረበት።

ቱቦው ወጥቶ ማውራት ስትጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ኮርኒሱ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ከፈን እየሰፉላት ነው፣ ነርሷ መርዝ ነው ምትሰጣት፣ እኔ ደግሞ በብር ሽጫታለሁ። ድምጿ ስለተዘጋ ይሄን ሁሉ በሹክሹክታ ነው ምትነግረኝ፣ ኮስተር ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እናታችን ስትሰማ "ይሄማ የመንፈስ ነው፣ አውጡልኝና ጠበል ልውሰዳት" አለች፣ አጎቶቻችንም ደገፏት፣ የኮንትራት መኪና ሁሉ ተጠያየቀ። እዚህ ላይ ነው አንድ ወጣት ሀኪም መጥቶ እናታችን ካርቶን ላይ አጠገቧ ቁጭ ያለው። ቁጭ ማለቱን ልብ በሉልኝ፣ ሌላው ሁሉ ቁሞ እየሄደ ነው ሚያናግረን። "እማማ፣ ይሄ ዴሊሪየም ይባላል፣ እብደት አይደለም፣ ህመሙ ከባድ ነው፣ ማደንዘዣው አለ፣ እንቅልፍ የለም፣ እዚህ ክፍል ቀንና ሌሊቱም አይለይ፣ ይሄ ሁሉ ሲደማመር አእምሮ ይምታታል፣ እዚህ የሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ጠበሉን አምጥተው ይርጩላት፣ የነፍስ አባቷም ይምጡ፣ ብቻ ከዚህ አትውጣ" አላት። እናታችን እሽ አለች፣ መኪናው ቀረ። ከዛ ወደኔ ዞሮ "መነጽር ታረጋለች?" አለኝ። መነጽሯ እኮ የገባን ለት ከልብሷ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ተሰጥቶናል፣ አምጡ ያለ ሰው ግን የለም። መነጽሯን አደረግንላት፣ ከሱቅ የግድግዳ ሰዓት ገዝተን ከአልጋዋ ትይዩ ሰቀልን፣ በገባን ቁጥር ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ያለሽው ሆስፒታል ነው እያልን። ቀስ በቀስ ኮርኒሱ ላይ ያሉት ሰዎች ጠፉ። ለዛ ልጅ ብቻውን ሌላ ሪቪው ይገባዋል።

ከአይሲዩ ወጥታ ዋርድ ስትገባ እልል ነው ያልነው። ግን ማንም ያላስጠነቀቀን ነገር፣ እዛ ሌት ተቀን ሰው አጠገቧ ነበር፣ ዋርድ ላይ አንድ ነርስ ለስንት አልጋ ነው፣ ስለዚህ ነርሱ እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ያውም ሳልማር። ሻይ ስሰጣት ትን ይላታል፣ ውሃም ትን ይላታል፣ ፊቷ ይጠቁራል። ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ መዋጥ ለጊዜው እንደሚያስቸግር፣ ቀጭን ነገር ከወፈረው እንደሚብስ፣ ቀጥ አርጎ አስቀምጦ በትንሽ በትንሹ መስጠት እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ጎረቤት አልጋ ያለች አስታማሚ ናት፣ እሷም ባሏን አስታማ ነው ያወቀችው። ወፈር ያለ የጤፍ አጥሚት በማንኪያ ስንጀምር ትንታው ቀነሰ። ይሄ ግን የአስታማሚ ስራ ነው ወይስ የሆስፒታል?

ዲስቻርጅ ላይ አንድ ወረቀት፣ የመድሃኒት ዝርዝርና "ከወር በኋላ ቀጠሮ"። አለቀ። በዳንግላ በእንጅባራ አርገን ቡሬ ገባን።

ቤት ከገባን በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ሽንት ቤታችን እንደ ሰፈሩ ሁሉ ቁጢጥ ተብሎ ነው፣ እታለም ደግሞ ቁጢጥ ብትል የሚያነሳት ጉልበት የለም፣ ጭኗ አልቋል፣ የኔ ክንድ አክሏል። ባሏ የፕላስቲክ ወንበር መሀሉን በመጋዝ ቆርጦ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠላት፣ በዛ ተገላገልን። ከሆስፒታሉ ምክር ሁሉ ያች ወንበር በለጠች። በኋላ አንድ የፊዚዮ ባለሙያ በሰው በሰው አግኝተን ከወንበር ያለ እጅ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በተረከዝ ከፍ ማለት፣ ግቢውን መዞር፣ እንዲህ እንዲህ አስጀመራት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ላይ አይሲዩ የተኙ ሰዎች በ10 ቀን ብቻ የጭናቸው ጡንቻ ወደ 18 ፐርሰንት እንደቀነሰ እሱ ነው የነገረን። ይሄን ቀድመን ብናውቅ እናታችን "ምን ያህል ባላበላት ነው እንዲህ ምትከሳ" እያለች እራሷን አትበላም ነበር።

ጸጉሯ ወር ሁለት ወር ቆይቶ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ፣ ከከባድ ህመም በኋላ የሚመጣ ነው፣ ይመለሳል፣ ግን ሌላ በሽታ ያዛት ብለን ተንጫጫን። የፍሪጅ ድምጽ ጢጥ ሲል ትባንናለች። ከሁሉ ከሁሉ ያስለቀሳት ግን የተማሪ ወረቀት ነው። ስራ ናፈቀኝ ብላ ጥቂት የፈተና ወረቀት አምጥተውላት ቁጭ ብላ ልታርም፣ አንዱን ወረቀት ሶስት ጊዜ ታነባለች፣ ነጥቡን ስትደምር ይጠፋባታል፣ እስክሪብቶውን አስቀምጣ "ጭንቅላቴን እዛው ጥየው መጣሁ" አለችኝ። እሷ እኮ የሁለት ክፍል ተማሪ ስም በቃሏ የምትጠራ ሰው ናት።

ጠያቂውስ! አገሩ ያው እናውቀዋለን፣ ሰው ሲድን ቤቱ አይጾምም፣ እንቁላሉ፣ ሙዙ፣ ስኳሩ ይመጣል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን "እንኳን እግዜር ማረሽ፣ ተሽሎሻል እኮ፣ ምንም አልሆንሽም" ሲሏት አልተሻለኝም ብላ ለማን ትንገር። ማታ ሁሉም ሲሄድ ድክም ብላ ታለቅሳለች። ባሏ ደግሞ ሁሉም "እሷ እንዴት ናት" ይለዋል እንጅ አንተስ ያለው የለም፣ እቁቡን ቀድሞ ወስዶ፣ በቀረው ተበድሮ፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ትንፋሿን የሚያዳምጥ ሰውየ ነው፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ጀመረ፣ ድሮ ጸባዩ አይደለም።

ያጎቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነርስ ናት፣ ስደውልላት ምንም አልገረማትም። ይሄ ሁሉ፣ የጡንቻው፣ የመርሳቱ፣ የቅዠቱ፣ አንድ ላይ ስም አለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው ተስማምተውበታል፣ ፒክስ (PICS) ይሉታል፣ ከአይሲዩ በኋላ የሚቀሩ ችግሮች ማለት ነው፣ የቤተሰቡም ጭንቀት ለብቻው ስም ተሰጥቶታል። እሷ ባለችበት እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ መመሪያ አይሲዩ ቆይቶ የወጣና ችግሩ ይቀጥልበታል የተባለ ሰው ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ተጠርቶ ይታያል፣ አካሉም አእምሮውም። አይሲዩ ስቴፕስ የሚባል ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2005 የዳኑ ታማሚዎች፣ ቤተሰቦቻቸውና የአይሲዩ ሰራተኞች ሁነው መስርተዋል፣ ያለፉበት ሰዎች ተቀምጠው ያወራሉ። በቃ ይሄው ነው። ቡና ጠጥቶ ማውራት ለኛ ማን ያስተምረናል? ቤቱም ቡናውም አለን እኮ፣ የጠፋው የሚሰበስብ ሰው ነው።

ይቺው ያጎቴ ልጅ ናት እታለም ገና ሆስፒታል እያለች በስልክ "የተማሪ ደብተር ገዝተህ በየቀኑ የሆነውን ጻፍላት" ያለችኝ፣ የስካንዲኔቪያ ነርሶች የጀመሩት ልማድ ነው አለችኝ። ጻፍኩ፣ መብራት የጠፋበትን ማታ፣ ቱቦው የወጣበትን ቀን፣ ማን መጥቶ እንደጠየቃት። ደብተሩ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥናት ላይ ያከራክራል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ የፈረንሳይ ጥናት ጭንቀቱን አልቀነሰም ብሏል። እታለም ግን "ሽጠኸኛል" ያለችኝን ስታነብ እየሳቀች "ስንት አወጣሁ?" አለችኝ፣ እኔ በዛ ረክቻለሁ።

ስለዚህ ውጤቱ፦ ህክምና 5፣ ነርሶች 5፣ ለቤተሰብ መረጃ መስጠት 2 (ያ ሀኪም ባይኖር 0)፣ ማረፊያ 1፣ ከወጡ በኋላ ያለ ክትትል 1፣ አንዱም ለቀጠሮ ወረቀቱ ነው። ስለ መዋጥ፣ ስለ ጡንቻ፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ቅዠት በአማርኛ ግማሽ ገጽ ጽፎ ማባዛት ለሆስፒታል ከባድ አይመስለኝም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ መነጽርና ሰው ሰራሽ ጥርስ በፌስታል አታስቀሩ፣ ጠይቃችሁ አስገቡ። ስልክ ቻርጀር ባለ ረጅም ገመድ ያዙ፣ ሶኬቱ ሩቅ ነው። አስታማሚ በፈረቃ ይሁን፣ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ስትወጡ ደግሞ የአይሲዩ ማጠቃለያ ወረቀት ኮፒ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም፣ ቀጠሮ ላይ ሌላ ሀኪም ሲገጥማችሁ ከዜሮ ነው ምትጀምሩት። ኮፒ ቤቱ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፣ ሰኞ ጠዋት ግን አትሞክሩት፣ ወረፋው አይጣል ነው።