ቱሉ ዲምቱ የልጄ ትምህርት ቤት ላይብረሪ፣ ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ላይብረሪውን ክረምት ላይ አድሶ መስከረም ላይ ወላጆች ግቡና እዩ አሉን፣ ከዛ በኋላም ሶስት አራት ቀን ቁጭ ብዬበታለሁ ስለዚህ በአንድ ቀን አይቼ አይደለም የማወራው።

በጣም የወደድኩት ድምፁን ነው። ድሮ ባዶ ቆርቆሮ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል መምህሯ እየጮኸች ታነባለች ልጆቹ ግን ምንም አይሰሙም። አሁን ኮርኒስ ገብቶለታል፣ ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ደግሞ ወፍራም የሽመና ጨርቅ ሰቅለዋል፣ ድምፅ ባዶ ግድግዳና ሊሾ ላይ ነው እየነጠረ የሚያስተጋባው ጨርቅ ሲያገኝ ግን ይዋጣል። እዛው እያለሁ ያ የመስከረም ዝናብ ወረደ፣ መምህሯ ድምጿን ሳትጨምር ማንበቧን ቀጠለች፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ህፃን "ከዛስ?" ስትል እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማኋት።

ጥግ ላይ የሚነካ ነገር አለ፣ አጎዛ፣ ስፌት፣ ጥጥና እንዝርት፣ በብሬል የተጻፈ ፊደልም አለ። ልጄ አይኗን ጨፍና ስድስቱን ነጥብ በጣቷ ስትቆጥር ዋለች፣ ማታ ቤት መጥታ "እማዬ በጣትም ይነበባል እኮ" አለችኝ። መስኮቱ ስር ጤና አዳም ተክለዋል፣ ልጆቹ ሲያልፉ ቅጠሉን ይነኩታል ከዛ መጽሐፉም ይሸታል፣ በጣም ነው ደስ የሚለው። ደሞ ሁሉም ልጅ ብዙ ነገር መስማትና መንካት አይወድም የሚጨንቀው አለ፣ ለሱ ከመደርደሪያው ጀርባ ጸጥ ያለች ትንሽዬ ቦታ ሰርተዋል፣ ይሄን ያሰበ ሰው ይባረክ።

አብርሆት የሚባለው ትልቁ ላይብረሪ በ2014 ሲከፈት ልጄን ወስጃት ነበር ቆንጆ ነው፣ ግን ከዚህ አራት ኪሎ ድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ህፃን ይዞ በየቀኑ አይኬድም፣ ለኛ ሰፈር እንዲህ አይነቱ ነው የሚያስፈልገው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት የአማርኛም የኦሮምኛም ተረቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው፣ ያሉትም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው ልጆቹ አይደርሱባቸውም። ትልልቆቹ መስኮቶች ደግሞ ወደ ምስራቅ ስለሆኑ የጠዋት ፀሐይ ገጹ ላይ ያንጸባርቃል ልጆቹ አይናቸውን ያጨናብሳሉ፣ የመጽሐፎቹም ቀለም ቶሎ ይለቃል። ስስ መጋረጃ ይበቃዋል፣ ለዳይሬክተሯ ነግሬያት የመስኮቶቹን ልክ ወስጃለሁ፣ ቅዳሜ እኔው አሰፋዋለሁ።