ለወፍራም ጨርቅ፦ የናይለን ክር ወይስ ሰም የተቀባ ጥጥ?

የተቀደደ የሸራ ቦርሳ ወይም ጂንስ በእጅ ልትሰፉ ነው እንበል። ተራው የልብስ ክር ብዙ አይቆይም።

ናይለን በጥንካሬ አይታማም። ሲጎተት ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይበጠስም፤ እርጥበትም አያበሰብሰውም። ግን ያንሸራትታል፣ ቋጠሮው በራሱ ይፈታል። ስለዚህ ደጋግሞ መቋጠርና ጫፉን በክብሪት ማቅለጥ ነው። ዋናው ጠላቱ ፀሐይ ነው፤ ውጭ የሚውል ሸራ ላይ እያደር ይደክማል። ጨርቁ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ክሩ ይተርፍና ጨርቁ ይቀደዳል።

የጥጥ ክር ጉልበቱ ያንሳል። በንብ ሰም ሲታሽ ግን አይፈታታም፣ ቋጠሮውም ይይዛል። ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ መርፌው ጨርቁ ላይ የበሳውን ቀዳዳ ይደፍናል። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይበሰብሳል።

እኔ ለቦርሳ ማንገቻ ናይለን፣ ላረጀ ጂንስ ጥጥ እመርጣለሁ።

መርፌው? ለሸራ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ ይበቃል። ጫፉ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነው ለቆዳ ነው፤ የጨርቁን ድርና ማግ ይቆርጣል። በማሽን ለሚሰፋ 16 ወይም 18 ቁጥር ይሁን። ሰም የተቀባ ክር ግን ማሽን ውስጥ አታስገቡ፣ ያጨማልቀዋል።